ጉበት ነው ብዬ ነበር

ፊቴ ላይ ያለው ማድያት ነው። ከመጀመሪያው ልናገረውና ይውጣልኝ፤ ያኔ ቶሎ ባለመናገሬ ብዙ ተጨቃጭቄበታለሁ። ሁለቱ ጉንጮቼ ላይ፣ ከዓይኔ ሥር ጀምሮ እስከ አፌ ዳር ድረስ፣ ሻይ የተደፋበት ጨርቅ የመሰለ ጥቁር ነገር ተነጥፏል። ግንባሬም ላይ አለ፤ እሱን ኮፍያዬ ይሸፍነዋል። ሲጀምረኝ ልጄ ተማሪ ነበር፤ አሁን የልጄ ልጅ ተማሪ ነው። አልለቀቀኝም። አይገድልም፣ አያምም፣ አያሳክክም። ዝም ብሎ ተቀምጦ ሰው ያስወራል።

ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ፣ ከዚያ በፊት አይቶኝ የማያውቅ ሰው፣ “አባት፣ ፊትዎን ምን ነካዎት?” ይለኛል። ለቅሶ ቤት ሬሳው ሳይወጣ ስለ ጉንጬ የሚጠይቁኝ አሉ። “ኩላሊት ነው ፋዘር፣ ውሃ ይጠጡ” ያለኝ ወያላ አለ፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ታክሲው ሙሉ እየሰማ። ሴት ስትሆን እንዲህ አይደለም። ሴት ፊቷ ላይ ሲወጣ አንዷ ሌላዋን አየት ታደርግና “ማድያት ነው እኮ” ትላታለች፤ በቃ፣ አለቀ። ከዚያ ስለ ቅባት ማውራት ነው። ወንድ ላይ ሲሆን ግን ስሙ ይጠፋቸዋል። የሰማዩንም የምድሩንም በሽታ ይጠሩና እሱን ብቻ ይዘሉታል። እኔም ራሴ ዘልዬዋለሁ፤ የማወራውም ስለዚያ ነው።

እኔ ባትላሜራ ነኝ። የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ የማቃና ማለት ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ቡልጋሪያ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ ነው፤ ቤቴ ካዛንቺስ፣ የቀበሌ ቤት። ትምህርቴ መሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ያለፈ የለኝም። የምጽፈውም እንደማወራው ነው፤ ሌላ አላውቅበትም።

መጀመሪያ ያየሁት ጢሜን ስላጭ ነው። ግራሶ መሰለኝ። ጋራዥ የዋለ ሰው ፊቱ ላይ ጥቁር ነገር ሲያይ ሌላ ምን ይመስለዋል? በሳሙና አሸሁት፣ እምቢ አለ። በማግስቱ ጋራዥ ሄጄ ጨርቅ በቤንዚን ነክሬ ፈተግሁት። ቆዳዬ ተላጠ እንጂ እሱ ንቅንቅ አላለም። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ አየችኝና መብራቱ ሥር ጎትታ ወሰደችኝ።

“ምን አድርገኸው ነው?”

“እድፍ ነው።”

“እድፍ አይደለም። አንተ ሰውዬ፣ ማድያት ነው ይሄ።”

“ማድያትማ የሴት ነው።”

“የወንድ ነው አልኩህ እኔ? ጉንጭህ ላይ ነው አልኩህ እንጂ።”

“ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።”

“ማን ይሰማል? ግድግዳው?”

ግድግዳው እውነትም ይሰማል። የእኛ ግቢ ቤቶች በአንድ ጭቃ የተለጠፉ ናቸው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ እዚህ ሆነን “ይማርህ” እንላለን። ስለዚህ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ቃሉን ሁለተኛ እንዳትጠራው ነገርኳት። ለልጁም እንዳትነግረው። እሷ የራሷ ማድያት ልጁን ስታረግዝ መጥቶባት ነበር። አስታውሰዋለሁ፤ ሁለቱ ጉንጮቿ ልክ እንደ እኔ ነበሩ። ወለደች፣ ጠፋ። “የኔ ስወልድ ለቀቀኝ፣ የአንተ እንግዲህ…” ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ግን እውነቷን እኮ ነው፤ የኔ በምን ይልቀቅ?

ከዚያ ሕክምና ተጀመረ፤ የቤት ውስጥ ማለቴ ነው። ሎሚ ቀባችኝ። ሎሚ ተቀብቼ እሳት ፊት ሄድኩ፤ ብየዳ አለብኝ፣ ምን ላድርግ? በሳምንቱ ጉንጬ እንደተቃጠለ ድንች ሆነ። እሬት አለች፣ ቀባሁ፤ መረረኝ እንጂ ምንም የለውም። ጠበልም ሄጃለሁ። በኋላ ከአንድ ሱቅ ያነጣል የተባለ ቅባት አመጣች። ያ ቅባት በአንድ ወር ውስጥ ፊቴን እንደ ሕፃን አደረገው። ደስ ብሎኝ ተውኩት። ስተወው ተመልሶ መጣ፤ ድሮ የያዘውን ቦታ ይዞ ወደ ጆሮዬ ደግሞ ጨመረ። ያኔ የተናደድኩትን ያህል በሕይወቴ አልተናደድኩም።

መድኃኒት ቤት ገብቼም ጠይቄያለሁ። የምትሸጠው ልጅ ነጭ ጋዋን ለብሳ ቀና ብላ አየችኝ።

“ለባለቤትዎ ነው?” አለችኝ፣ እኔን ሳይሆን ከኋላዬ ያለውን ሰው እያየች።

“አዎ።”

“እርጉዝ ናቸው?”

“በዚህ ዕድሜዋ?”

“እንግዲህ እሳቸውን ይዘዋቸው ይምጡ፤ ሳላያቸው አልሰጥም።”

ጉንጬ ፊቷ ተደግኗል፤ እሷ ግን “ይዘዋቸው ይምጡ” ትላለች። ወጣሁ።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የቆዳ ክፍሉ ደጃፍ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ከእኔ በቀር የተቀመጠው ሁሉ ሴት ነው። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ፣ “ባለቤትዎ ገቡ እንዴ?” አለችኝ። “አልገቡም” አልኳት። እውነቴን ነው፤ ባለቤቴ ቤት ነበረች። ሐኪሟ ወጣት ልጅ ናት። ፊቴን በባትሪ ብርሃን አየችው፣ ቅባቱን ጠየቀችኝ፣ ተቆጣችኝ።

“አባባ፣ ማድያት ነው። ወንዶችንም ይይዛል፤ ወንዶቹ አይመጡም እንጂ። ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ጉዳት የለውም። ግን እልኸኛ ነው፣ በቀላሉ አይለቅም። ያንን ቅባት ይጣሉት። ከፀሐይና ከሙቀት ይራቁ።”

“ሥራዬ እኮ እሳት ነው፣ ልጄ።”

“ሌላ ሥራ አይቀይሩም?”

“አንቺ ትቀይሪያለሽ?”

ሳቀች። ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት ጻፈችልኝና ጃንጥላ እንድይዝ መከረችኝ። ጃንጥላውን ይዤ ጋራዥ እንድገባ! እሷ ምን ታውቃለች፤ ደግ ልጅ ነበረች። ስወጣ ግን ነገሩ ቁርጥ ሆነብኝ። እስከዚያ ቀን ምናልባት ሌላ በሽታ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ። ተስፋ ነው የምለው፤ አትሳቁ።

ለሰው ምን ልበል? ጋራዥ ውስጥ እሳት መታኝ አልኩ። ለጋዝ ብየዳ የምናደርገው መነጽር ዓይን ይሸፍናል እንጂ ጉንጭ አይሸፍንም፤ ስለዚህ አመኑኝ። “ስቱኮ እንለጥፍልህና ቀለም ቤት ግባ” ይሉኝ ነበር። ይሄ ምንም አይደል፤ የወንድ ቀልድ ነው። ሰፈር ውስጥ ደግሞ የዕድራችን ዳኛ አንድ እሑድ ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ “ጠቆርክብኝ፣ ምን ሆነህ ነው?” አለኝ። ደንገጥ ብዬ “ጉበት ነው” አልኩት። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም። ወዲያው አንዱ ተነስቶ ወንበር ለቀቀልኝ። ሌላው “አይዞህ፣ እግዜር ያውቃል” አለኝ። ዳኛው ራሱ “በል እንግዲህ ጠጅዋን ቀነስ ነው” አለኝ፣ ትከሻዬን እየመታ፤ እኔ ጠጅ የምቀምሰው በዓመት በዓል ነው። ጉበት የሚያስከብር በሽታ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። ጉበት ያለበትን ሰው ማንም አይስቅበትም፣ ማንም ደግሞ አይጠይቀውም። ተመቸኝ። ጉበት ነው እያልኩ ሁለት ዓመት ያህል ቆየሁ።

ልጄም ከሰፈር ሰምቶ ጠየቀኝ። “ትንሽ ጉበት ነገር ነው፣ ይድናል” አልኩት። ባለቤቴ በጎን አየችኝ።

ልጄ አንድ ነው፤ ሌላ የለኝም። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ይሠራል። አንድ ቀን መጥቶ ላገባ ነው፣ ቶሎ ይሁንልኝ አለ። ልጅቷን እናውቃታለን፤ የቂርቆስ ልጅ ናት፣ ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። ወላጆቿ ከሰሜን የመጡ፣ አባትየው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ቤታቸው ውስጥ ትግርኛም አማርኛም ይነገራል። ጨዋ ቤተሰብ። ሁለቱ ልጆች ቤተ ክርስቲያን ባዘዘው መሠረት የደም ምርመራቸውን አድርገዋል፤ ያኔ ሰው ሁሉ ስለዚያ በሽታ በሚያወራበት ጊዜ ነው። የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር።

ሦስት ሽማግሌ ላክን። ዳኛው መሪ ሆነ፤ ከእሱ በቀር ማን አፍ አለው? ሄዱ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፣ ተለምነው ተቀመጡ፣ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። አባትየው እንደ ወጉ “እንጠያይቅና እንነግራችኋለን” ብሎ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠ። መልካም ነው፤ መጠያየቅ ያለ ነገር ነው። ሰው ልጁን ለማያውቀው ሰው አይሰጥም። እኔም ሴት ልጅ ቢኖረኝ እጠይቅ ነበር።

ቀጠሮው ሊደርስ ሲል ዳኛው ብቻውን ቤቴ መጣ። ቆቡን አላወለቀም። ባለቤቴ ወንበር ብትሰጠውም እንደ ቆመ ቀረ።

“ነገር አለ” አለኝ።

“ምን ነገር?”

“ስለ አንተ ጠይቀዋል። እዚህ ሰፈር ጠየቁ፣ ጉበት ነው ተባሉ። ጋራዥ ሄደው ጠየቁ፣ እሳት ነው ተባሉ። ከታች ያለችውን ባለ ሱቅ ጠየቁ…”

“እሷ ምን አለች?”

“በዚህ ዘመን ምን ይታወቃል አለች።”

ያ አባባል ያኔ ምን ማለት እንደነበር የሚያውቅ ያውቃል። ሰው ሲከሳ፣ ፊቱ ሲጠቁር፣ ሲያስል፣ “በዚህ ዘመን ምን ይታወቃል” ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ብርጭቆው ለብቻ ይታጠባል።

“እና ምን አሉ?” አልኩት።

“አባትየው የሚለው ይሄ ነው። አንድ ሰው እዚህ ጉበት፣ እዚያ እሳት ካለ የደበቀው ነገር አለ። ጉበትም ከሆነ የሚተላለፈው ዓይነት ነው ወይ? የልጁ አባት ይመርመርና ምን እንደሆነ ይነገረን። አለዚያ ቀጠሮው ይቅር ብሏል።”

“የሚያገባው እኔ ነኝ?”

“እኔን አትቆጣኝ እንግዲህ። መልእክተኛ ነኝ።”

“ንገረው በቃ!” አለች ባለቤቴ፣ ከጓዳ በር ላይ ቆማ።

“ምኑን ነው የሚነግረኝ?” አለ ዳኛው፤ ጆሮው ሲቆም አየሁት።

ለዳኛው መንገር ማለት ለካዛንቺስ መንገር ማለት ነው። ዕድሩ አለ፣ ማኅበሩ አለ፣ ፀጉር ቤቱ አለ። እዚያው ቆሜ አሰብኩት፤ ስልሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው፣ የዕድሩ ሰዎች “ስንት ወርህ ገባ?” ሲሉኝ። “የሚነገር የለም። ጤነኛ ነኝ በላቸው” አልኩት።

“ጤነኛ ነኝ በላቸው? በዚህ ፊት?”

ወጣ። ባለቤቴ የምትለውን ሁሉ አለችኝ። ለአንድ ቃል ብለህ የልጅህን ትዳር ልታፈርስ ነው አለችኝ። እኔም መለስኩላት፤ ቃሉ የኔ ነው፣ ፊቱም የኔ ነው፣ ማንም ሊያገባ ሲፈልግ የሌላ ሰው ጉንጭ አይመረምርም አልኩ። ዛሬም እንደዚያ ነው የማስበው። የእነሱ ጉዳይ አልነበረም።

ማታ ልጄ መጣ። ሰምቷል። እራት አልበላም፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ጣቶቹን ያያል።

“አባዬ፣ በቃ ብትመረመር ምን ችግር አለው? ማለቴ፣ እኛም እኮ ተመርምረናል። አያምም፣ ምንም የለውም።”

“ያልታመምኩትን ምን እመረመራለሁ?”

“እሺ። እሺ በቃ።” ከዚያ ቀና ሳይል፣ “አባዬ… ሌላ ነገር ነው እንዴ? ማለቴ፣ እኔ ምንም አልልም። መድኃኒት አለው አሁን፣ ሰው ዕድሜ ልኩን እየዋጠ ይኖራል። ለኔ ብቻ ንገረኝ። እሷ ብትቀርም ትቅር፣ እኔ አንተን አልተውም” አለኝ።

አየኋት ባለቤቴን። እሷ ዞራ ሳህን ታጥባለች፤ የታጠበውን ሳህን እንደገና ታጥባለች።

የገዛ ልጄ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ እያስታመመኝ ነው ለካ! ለስንት ጊዜ እንደዚያ ሲያስብ እንደነበር እግዜር ይወቀው። ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ አፌ ግን አልተከፈተም። “ሂድ ተኛ” ብቻ አልኩት። የተናደድኩት በእሱ አይደለም። በማን እንደሆነ አላውቅም፤ ተናድጄ አደርኩ።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ኮቴን ለበስኩ። ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ቤታችን ተሰብስበዋል፤ ዳኛው “ሄደን ይቅርታ ብለን ነገሩን እናብርደው፣ ቀጠሮ ባዶ ማስቀረት ነውር ነው” ብሎ ነበር የመጣው።

“አንተ ወዴት ነህ?” አለኝ።

“ከእናንተ ጋር ነኛ።”

“የልጁ አባት? የልጁ አባት እኮ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም! በየትኛው አገር ነው?”

“የልጁ አባትስ በየትኛው አገር ነው ተመርመር የሚባለው?”

ወጣን። ልጄ ተከተለን፤ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሞ እንዲጠብቀን ነገርኩት።

አባትየው በሩን ሲከፍት ከሦስቱ ኋላ እኔን አየና ፊቱ ተለወጠ። ጨዋ ሰው ነው፤ “ይግቡ” አለ እንጂ ሌላ አላለም። ገባን። ቁጭ በሉ አለ። ሽማግሌዎቹ ገና ልማዱን ሊጀምሩ ሲሉ እኔ ቀደምኳቸው።

“አልቀመጥም። የመጣሁት ፊቴን ላሳይዎት ነው” አልኩት።

“እርስዎን ለማስቀየም ብለን አይደለም” አለ፣ እጁን እያፋተገ። “ልጅ ነገር ነው፣ ያውቁታል። የሰማነው ወሬ ስላልተገናኘልን…”

“ወሬውን ይተውት። ጉበት የለብኝም። እሳትም አልመታኝም። ያ የፈራችሁትም አይደለም። ማድያት ነው።”

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳል ያዘው፤ ሳል አልነበረም። ዳኛው አፉን ከፍቶ እኔን ያየኛል።

“ማድያት?” አለ አባትየው።

“ማድያት።”

“ማድያት የሴቶች… ማለቴ፣ ወንድ ልጅም ይይዘዋል እንዴ?”

“ይኸው! ሐኪም አይታዋለች። ካላመኑ እሷን ይጠይቋት፣ እኔን አይጠይቁኝ፤ እኔ ጠርቼ አላመጣሁትም።”

ሚስቱ ከውስጥ ትሰማ ነበር፤ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ትንሽ ሴት ናት፣ ፊቷ በፓውደር የተለሰነ። ለባሏ በትግርኛ የሆነ ነገር አለችው፣ እሱም መለሰላት፤ እኔ ማድያት የምትለዋን ብቻ ነው የለየሁት። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ፣ “አባቴ፣ እስቲ ወደ መስኮቱ ዞር ይበሉልኝ” አለችኝ። ዞርኩ። አገጬን በጣቷ ያዘችና እንደ ሕፃን ፊት ግራና ቀኝ አገላበጠችው። አራት ወንዶች ቆመው ያያሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

“ማድያት ነው” አለች። “ጥርት ያለ ማድያት። ሎሚ ተቀብተው ነበር አይደል? ጠርዙ ላይ ያለው የሎሚ ነው።”

“አዎ።”

“ያነጣል የሚሉትንስ ቅባት?”

“እሱንም።”

“ውይ! እኔንም እሱ ነው ያባሰብኝ።” የነጠላዋን ጫፍ በምራቋ አርሳ የራሷን ጉንጭ ጠረግ አደረገችው። ከፓውደሩ ሥር የኔው ጉንጭ ብቅ አለ፤ ያው፣ እዚያው ቦታ ላይ። “የመጨረሻዋን ሳረግዝ ነው የወጣብኝ። ወልጄም አልለቀቀኝ። እሷ ናት አሁን የምትዳረው።”

ባሏ እሷን አየ፣ እኔን አየ። እንዲህ ያለ ነገር በገዛ ቤቱ እንዳለ የማያውቅ ይመስል ነበር።

“ታዲያ” አለኝ፣ “ጉበት ነው ያሉት ለምንድን ነው?”

“ጉበት ስል ወንበር ይለቁልኛል። ማድያት ስል ምን እንደሚሉኝ ይሄን ሰውዬ ይዩት” አልኩና ዳኛውን አሳየሁት። ዳኛው ከዚያ በላይ መቻል አልቻለም፤ ፈነዳ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። “ስንት… ስንት ወርህ ገባ?” አለ። እንዳሰብኩት ነው፤ ቃል በቃል። ሌሎቹም ተከተሉት። አባትየው ላለመሳቅ ብዙ ታገለ፤ በመጨረሻ እሱም አልቻለም። እኔና ሴትዮዋ ብቻ አልሳቅንም። እሷ “ምኑ ነው የሚያስቀው?” ብላ ጮኸችባቸው፤ እኔ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ሲጨርሱ “ልጅቷን ትሰጡናላችሁ ወይስ አትሰጡንም?” አልኩ።

“ሰጥተናል” አለ አባትየው፣ ዓይኑን እየጠረገ። “ሰጥተናል፣ ይቀመጡ እንግዲህ፣ በእግዜር ይቀመጡ።”

ተቀመጥኩ። አንድ ብርጭቆ ጠላ ተሰጠኝ፤ “ለጉበትዎ” አለኝ አባትየው፣ ደግሞ ሳቁ። ሴትዮዋ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ጃንጥላ ታወራኝ ጀመር። ኮፍያ አይበቃም፣ ጠርዙ ሰፊ መሆን አለበት፣ ጥቁር ጃንጥላ ይሻላል፣ ጠዋት ጠዋት ቅባቱን እንዳይረሱ። ትክክል ነበረች፤ ግን በሰው ፊት ነው የምታወራው። በሳምንቱ ካዛንቺስ በሙሉ አወቀ። ጋራዥ ውስጥ የሕፃን ጡጦ ገዝተው መሣሪያ ሣጥኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ዕድር ላይ ወንበር የሚለቅልኝ ቀረ። ይሄ ሁሉ እንደሚመጣ አውቄ ነው ያልኩት፤ ደስ ብሎኝ ግን አይደለም። ሰው ሲያየኝ ተናገርክና ቀለለህ፣ ተገላገልክ ይለኛል። አልተገላገልኩም። ጉንጬ ያው ነው፣ ጥያቄውም ያው ነው፤ የተጨመረው ሳቅ ብቻ ነው።

ያን ቀን ከዚያ ቤት ስወጣ ቀድሜ ወጣሁ፤ ሽማግሌዎቹ ገና ይሰናበታሉ። ልጄን አጥሩ ሥር ቆሞ አገኘሁት፤ ሲያየኝ ቀጥ አለ።

“እሺ አሉ” አልኩት።

“እንዴ! እንዴት? ምን ብለሃቸው?”

“ምን እንደያዘኝ ነገርኳቸው።”

ፊቱ አመድ መሰለ። “ምን… ምን ያዘህ?”

“ማድያት ነው።”

አልገባውም መጀመሪያ። “የሴቶቹ? የእማዬ ዓይነት?”

“እሱው።”

ሳቀ። እዚያው አጥሩን ተደግፎ ሳቀ፤ ሰው ተሳልሞ ሲያልፍ እያየው። ተናደድኩ። ከዳኛው ሳቅ አምልጬ ልጄም ሊስቅብኝ ነው ብዬ፣ “ምኑ ነው የሚያስቀው?” አልኩት። “አባዬ፣ እኔ እኮ…” አለና ቆመ። “እኔ እኮ ልትሞትብኝ ነው ብዬ… ሰርጉን ቶሎ ያልኩት እንድታይልኝ ብዬ ነው” አለ። አሁን አይስቅም ነበር። ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። “ለምን አልነገርከኝም? ለሁለት ዓመት… ለምን አንድ ቀን አልነገርከኝም?”

ምን ልበለው? ጀርባውን መታ መታ አደረግሁት፤ እንዲህ ማድረግ እንኳን አልለመድኩበትም። ከኋላችን የዳኛው ሳቅ እየቀረበ መጣ።

“በል ፊትህን ጥረግ” አልኩት፤ “ሰዎቹ መጡ፣ ምሳ ይፈልጋሉ።”